ያልተቆፈረ ደጅ፦ ስለ ድሬ ሼክ ሁሴን ጥንታዊነት የተደረገ ምልልስ

ተጠራጣሪ፦ ስለ ድሬ ሼክ ሁሴን የሚጻፈው ሁሉ ለማለት ይቻላል ከአንድ ነጥብ ይነሣል፤ ሼክ ሁሴን በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባሌ ውስጥ አናጂና በተባለው ስፍራ ተቀምጠው እስልምናን አስተማሩ፣ እዚያው ዐረፉ፣ መቃብራቸውም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የዚያራ ቦታ፣ ማለትም በረከት ለመቀበልና ስእለት ለማድረስ የሚኬድበት ደጅ ሆኖ ኖረ የሚል ነው። የዚህ አባባል ምንጭ የቃል ትውፊትና የመናቂብ መጽሐፍ ነው። መናቂብ በክርስቲያኑ ዘንድ ገድል ከሚባለው ጋር የሚመሳሰል፣ የአንድን ወሊይ ትሩፋትና ተአምር የሚተርክ የዐረብኛ ድርሰት ሲሆን፣ ስለ ሼክ ሁሴን የተጻፈው «ረቢዕ አል-ቁሉብ» ለኅትመት የበቃው በ1920ዎቹ ካይሮ ውስጥ ነው። ኖሩ በሚባልበት ዘመንና በታተመው መጽሐፍ መካከል ከ600 ዓመት ያላነሰ ክፍተት አለ፤ ይህን ክፍተት የሚሞላ ከአፈር የወጣ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ ቦታውን ጥንታዊ ብሎ መጥራት ውዳሴ ይሆናል እንጂ ታሪክ አይሆንም።

ተሟጋች፦ ክፍተት መኖሩ አይካድም፤ ባዶ ነው መባሉ ግን ትክክል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1349 የሞተው ዐረባዊው ጸሐፊ አል-ዑመሪ በዘመኑ በኢትዮጵያ ምድር የነበሩትን ሰባት የእስልምና መንግሥታት ሲዘረዝር ከኢፋት፣ ከደዋሮና ከሀዲያ ጋር ባሌንም ይጠራል፤ በመሆኑም እስልምና በባሌ ሥር መስደዱ፣ ሱልጣን የሚቀመጥበት ደረጃ ላይ መድረሱም፣ ከ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በፊት የተፈጸመ ጉዳይ ነው። መንግሥት ያለ አስተማሪ፣ አስተማሪም ያለ ተከታይ ስለማይነሣ ትውፊቱ የሚሰጠው ዘመን ከዚህ ጋር የሚጋጭበት ምክንያት የለም። ከዚያ ወዲህ ደግሞ የመቃብሩ ሕንፃ በትውፊት ከ1783 እስከ 1794 ከገዙት ከሐረሩ አሚር ዐብድ አል-ሸኩር ጋር ይያያዛል። በ1894 አሜሪካዊው ተጓዥ ዶናልድሰን ስሚዝ ወደ ቦታው ሲደርስም ያገኘው ዝናው በሩቅ የሚሰማ፣ ሥርዐቱ የጸና ደጅ ነበር። እንግዲህ በመነሻና በመድረሻ መካከል መቆሚያ ድንጋዮች አሉ ማለት ነው።

ተጠራጣሪ፦ የተጠቀሱት ድንጋዮች የቆሙት በሌላ መንገድ ላይ ነው። አል-ዑመሪ የተናገረው ስለ ባሌ መንግሥት ነው፤ ራሱም ኢትዮጵያን አላያትም፣ የጻፈውም ካይሮ ተቀምጦ ከመልእክተኞች የሰማውን ነው። አንድ መንግሥት መኖሩ በውስጡ አንድ የተወሰነ መቃብር ይከበር ነበር ለማለት አያበቃም። ከሁሉ የከበደው ግን በመካከሉ የወደቀው የ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። በ1520ዎቹ የኦሮሞ ሕዝብ እንቅስቃሴ መልባ በተባለው የገዳ ዘመን ባሌን እንደነካ መነኩሴው ባሕርይ በ1593 ገደማ በጻፈው ታሪክ መዝግቧል፤ በ1532 ደግሞ የኢማም አሕመድ ጦር ባሌን ያዘ። በዚህ ሁሉ ውስጥ የአገሩ ቋንቋ፣ አስተዳደርና ሰፈራ ተለወጠ። ዛሬ ለሼክ ሁሴን የሚዘመረው መንዙማ፣ ባህሮ የተባለው የውዳሴ ዜማም ጭምር፣ በብዛት የሚሰማው በኦሮምኛ ነው፤ ትውፊቱ ግን ሼኩ ያስተማሩት ከዚያ ቀደም በስፍራው የነበረውን ሕዝብ እንደሆነ ይናገራል። አንድ ሕዝብ በሌላ ሕዝብ ሲተካ የመቃብሩን አድራሻ ማን ለማን አስረከበ? ለጥንቁቅ ታሪክ ጸሐፊ ቀላሉ መልስ በአናጂና የሚታየው ደጅ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ በሐረር ድጋፍ፣ በአንድ አሮጌ ስም ዙሪያ እንደ አዲስ የተመሠረተ ነው የሚለው ይሆናል።

ተሟጋች፦ ያ መልስ ቀላል መሆኑ እውነት አያደርገውም፤ እንዲያውም ከትውፊቱ ባልተሻለ ሁኔታ ማስረጃ የጎደለው ግምት ነው። ተመሳሳይ ክርክር በሌላ አገር እንዴት እንደተፈታ መመልከት ይጠቅማል። በግሪክ አገር የኦሊምፒያ ውድድር የተጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ776 ነው የሚለው ዓመት የመጣው ከአሸናፊዎች ስም ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩን ያቀናበረው የኤሊስ ሰው ሂፒያስ ግን የኖረው ከተባለው መነሻ ወደ 400 ዓመት ገደማ ዘግይቶ ነው። ጀርመኖች ከ1875 እስከ 1881 ኦሊምፒያን ሲቆፍሩ፣ ከዚያም በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥራው ሲቀጥል፣ ዓመቱን የፈተነው ከቤተ መቅደሱ ይልቅ የውኃ ጉድጓድ ሆነ። ለተመልካቹ ሕዝብ መጠጫ በሩጫው ሜዳ አቅራቢያ የተቆፈሩት ጊዜያዊ ጉድጓዶች መታየት የሚጀምሩት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ700 ገደማ ስለሆነ፣ አልፍሬድ ማልቪትዝ የተባለው የቁፋሮው መሪ ብዙ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ውድድር ከተለመደው ዓመት ዘግይቶ ተጀምሯል ሲል ተከራከረ። በአንጻሩ ለዙስ የሚቀርበው መሥዋዕትና ስጦታ ከዚያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ቀድሞ በስፍራው እንደነበረ የነሐስና የሸክላ ምስሎች አሳዩ። ስለዚህ ትውፊቱ በአንድ በኩል ተስተካከለ፣ በሌላ በኩል ከጠበቀው በላይ ዕድሜ ተጨመረለት። ለድሬ ሼክ ሁሴንም የሚገባው ይህን የመሰለ ምርመራ ነው፤ ያለ ምርመራ መሻር ያለ ምርመራ ከማጽደቅ አይሻልም።

ተጠራጣሪ፦ ምሳሌው ራሱ በተከራካሪው ላይ ይመሰክራል፤ ምክንያቱም ኦሊምፒያ ሊመረመር የቻለው ስለሞተ ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ የንጉሠ ነገሥቱ የቴዎዶስዮስ ዐዋጆች አሮጌውን አምልኮ ከለከሉ፣ ከዚያም የአልፌዮስና የክላዴዮስ ወንዞች ደለል ስፍራውን እንደ ብርድ ልብስ ሸፈነው፤ ቆፋሪው የደረሰው የሚጸልይ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ነው። በዴልፊ ደግሞ በአጶሎን ደጅ ላይ ካስትሪ የተባለ መንደር ሠፍሮ ስለነበር፣ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በ1892 ታላቁን ቁፋሮ ከመጀመራቸው በፊት ነዋሪው ቤቱን ለቆ ወደ ሌላ ስፍራ እንዲዛወር ተደረገ። አናጂና ግን ዛሬም ሰው የሚኖርባት መንደር ናት። ከጊኒር በስተሰሜን ወደ ዋቤ ሸበሌ አቅጣጫ በሚገኘው በዚህ ስፍራ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንደኛው ከዐረፋ ጋር፣ ከባሌ፣ ከአርሲ፣ ከሐረርጌና ከዚያም ርቆ የሚመጣ ሕዝብ ይሰበሰባል፤ ከሙስሊሙ ጋር ክርስቲያኑም ስእለት ይዞ ይመጣል። ከደቡብ በኩል፣ ከአንገቱና ከደሎ መና የሚነሣ ተሳላሚ የሐረናን ጫካና የሳነቴን ደጋ ተሻግሮ ሲደርስ የሚፈልገው ቁባውን፣ ማለትም በኖራ የተለሰነውን ጉልላታም የመቃብር ቤት መሳለም እንጂ በገመድ የታጠረ የቁፋሮ ጉድጓድ ማየት አይደለም። ዴልፊ የተገኘው ካስትሪ ስለተነሣ ከሆነ፣ በአናጂና የሚነሣው ማን ነው?

ተሟጋች፦ ማንም አይነሣም። ጥያቄው አርኪዮሎጂ ቁባው ሥር መቆፈር ነው ከሚል ግምት የመጣ ነው፤ ይህ ግን ከመቶ ዓመት በፊት የነበረ አሠራር ነው። ስለ ግሪክ ደጆች ብዙ የታወቀው ከመሠዊያው ይልቅ ከመሠዊያው ጠርዝ ነው። በግሪኮች ሥርዐት ለአምላክ የተሰጠ ዕቃ ከደጁ አጥር፣ ቴሜኖስ ከሚባለው ክልል፣ እንዲወጣ ስለማይፈቀድ፣ ቦታው ሲጣበብ አሮጌው ስጦታ ቦትሮስ በሚባል ጉድጓድ ውስጥ ይቀበር ነበር፤ ተመራማሪው ዘመን የሚቆጥረው ከዚህ ጉድጓድ ነው። በድሬ ሼክ ሁሴን ተሳላሚ የሚያመጣው ስጦታ ከብትና እህል በመሆኑ ተበልቶ ያልቃል፤ አጥንቱ፣ አመዱና የተሰበረው ሸክላ ግን ከአጥሩ ውጭ ሕዝብ በሚያርፍባቸው ሜዳዎች ይቀራል። ከዚህም በላይ ለዚያ ሁሉ ሕዝብና ከብት ውኃ የሚገኘው ዝናብ ከሚያጠራቅሙ ኩሬዎች ነው። በኦሊምፒያ የውኃ ጉድጓድ የሕዝቡን ብዛት እንደመሰከረ ሁሉ፣ የኩሬው ደለል በአናጂና ተሰብሳቢው መቼ እንደበዛ ሊመሰክር ይችላል። ደለል ማለት በየክረምቱ ጎርፍ ያመጣው ጭቃ ሲሆን የአበባ ብናኝ፣ ከሰልና የከብት እዳሪ ርዝራዥ በተራው አስቀምጦ ይይዛል። በባሌ ተራሮች ላይ ከሚገኘው ከጋርባ ጉራቻ ሐይቅ የተወሰደ ደለል የአካባቢውን ዕፅዋት ታሪክ ከ16,000 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄዶ እንዲነበብ አድርጓል። ለጥቂት መቶ ዓመታት የሚቀርብ ጥያቄ ከዚያ አይከብድም፤ መቃብሩም አይነካም።

ተጠራጣሪ፦ ሐይቅና ሰው ሠራሽ ኩሬ አንድ አይደሉም። ጋርባ ጉራቻን ማንም አይጠርገውም፤ ሰው የሚጠጣበት ኩሬ ግን ደለል በሞላው ቁጥር መጠረግ አለበት፣ ካልተጠረገም ኩሬ መሆኑ ይቀራል። ተመራማሪው በኩሬው ወለል ላይ የሚያገኘው ከመጨረሻው ጠረጋ ወዲህ ያለውን ብቻ ነው። አጥንትና ከሰልም ቢገኝ ሌላ ችግር ይጠብቀዋል። ራዲዮካርቦን የተባለው መለኪያ በሞተ ነገር ውስጥ የቀረውን ካርቦን 14 በመለካት ዕድሜን የሚገምት ሲሆን፣ በከባቢ አየር ውስጥ የነበረው የካርቦን 14 መጠን ስለተለዋወጠ ከ1650 ገደማ ወዲህ ላሉት መቶ ዓመታት የሚሰጠው መልስ እጅግ የተበተነ ነው፤ አንዱ አጥንት የ17ኛው፣ የ18ኛው ወይም የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሊሆን ይችላል ብሎ ያበቃል። ክርክሩ ያለው ደግሞ በትክክል እዚያ ላይ ነው፤ ደጁ ከሐረሩ አሚር በፊት ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለው ጥያቄ ይህ መለኪያ በሚደበዝዝበት ዘመን ላይ ይወድቃል።

ተሟጋች፦ ይህ እስካሁን ከቀረቡት ተቃውሞዎች ሁሉ ጠንካራው ነው፤ ግን ግማሹ ራሱን ይፈታል። ከኩሬ የተጠረገ ጭቃ አይጠፋም፤ ሰው የሚጥለው በዳርቻው ላይ ነው፣ ስለሆነም በኩሬው ወለል የጠፋው በዳርቻው ክምር ላይ ይገኛል፣ በአንድ ጠረጋ ውስጥ ያለው ቅደም ተከተል ቢገለበጥም የመጀመሪያው ጠረጋ ከታች፣ የኋለኛው ከላይ ይሆናል። ራዲዮካርቦንን በተመለከተ ደግሞ ለኋለኛው ዘመን የሚጠቅሙ ሌሎች ምስክሮች አሉ፤ የሐረር አሚሮች ሳንቲም ያስመቱ ነበር፣ የቻይና ሸክላና ከባሕር ማዶ የመጣ ጨሌም በዓይነቱ ዘመኑን ይናገራል። ጢሞቴ ኢንሶል የመሩት ቡድን ከ2015 ጀምሮ በድሬዳዋ አቅራቢያ በሐርላ ሲቆፍር በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ መስጊድና ከሩቅ ምሥራቅ ድረስ የመጡ ዕቃዎችን አግኝቷል። በሸዋ ምሥራቃዊ ገደል ዳርቻ ደግሞ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች እንደ ኖራ ያሉትን የኢፋት ዘመን ከተሞች አጥንተዋል። ከእነዚህ ጥናቶች በፊት ሐርላ በሕዝቡ ዘንድ ግዙፋን የኖሩበት እየተባለ ይነገርለት ነበር። በዚያ ትውፊት ላይ መሳቅ ቀላል ነበር፤ በስፍራው ትልቅ ከተማ ነበረ የሚለው ፍሬ ነገሩ ግን ልክ ሆኖ ተገኘ።

ተጠራጣሪ፦ ሐርላም የፈረሰ ከተማ ነው፤ ወደ ደጁ ጉዳይ መመለሱ ይሻላል። ስለ ድሬ ሼክ ሁሴን ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አልፈው የሚሄዱም አሉ። በኦሮሞ ጥንታዊ ሥርዐት አባ ሙዳ ወደሚባለው ታላቅ የሃይማኖት አባት በየስምንት ዓመቱ ይደረግ የነበረው ጉዞ መድረሻው ባሌ ውስጥ ነበር፣ በትውፊትም በደሎ አካባቢ፣ ከአንገቱ ብዙ በማይርቅ አገር። ጂላ የተባሉት ተጓዦች በየመንገዱ እየተስተናገዱ ይሄዱ ነበር፤ ይህም ጉዞ በ1900 ገደማ በአፄ ምኒልክ ትእዛዝ ተከለከለ። ጀርመናዊው አጥኚ ኡልሪሽ ብራውኬምፐርን የመሳሰሉ ምሁራን በሁለቱ ጉዞዎች መካከል ያለውን መመሳሰል አጥንተዋል፤ የሼክ ሁሴን ተሳላሚም ባላ ዘንግ ይዞ በየቤቱ እየተስተናገደ ይሄዳልና። ከዚህ ተነሥቶ ደጁ ከእስልምና በፊት የነበረ ቅዱስ ስፍራ ነው ማለት ጆሮን ደስ ያሰኛል። ይሁን እንጂ በዴልፊም እንዲሁ ተብሎ ነበር፤ ከአጶሎን በፊት የምድር እናት ትመለክበት ነበር የሚለው አፈ ታሪክ ለብዙ ዘመን እንደ ታሪክ ተወሰደ፣ ቁፋሮው ግን ከሥሩ የሚኬናውያን መንደር ቢያሳይም የአጶሎን አምልኮ ጎልቶ የሚታየው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ800 ገደማ ነው፣ በሁለቱ መካከል አንድ ወጥ አምልኮ ቀጥሏል ለማለትም ብዙዎች አይደፍሩም። በአንድ ስፍራ ሁለት ንብርብር መገኘቱ አንዱ ከሌላው ተወልዷል ማለት አይደለም።

ተሟጋች፦ በዴልፊ ጉዳይ ጥንቃቄው ተገቢ ነው፤ አባ ሙዳና ሼክ ሁሴንም አንድ ናቸው አይባልም፣ ደሎና አናጂናም በተራራው በሁለት ወገን ያሉ የተለያዩ ስፍራዎች ናቸው። የተወረሰው ቦታው ሳይሆን የጉዞው ሥርዐት ሊሆን ይችላል፤ ማለትም አንድ ሕዝብ ወደ ቅዱስ ሰው እንዴት እንደሚኬድ አስቀድሞ ያውቅ ስለነበር፣ የሚኬድበት ደጅ ሲለወጥ አካሄዱን ይዞት ሄደ። ይህ ደግሞ ቀደም ብሎ ለተነሣው ጥያቄ፣ ሕዝብ ሲለወጥ ማን ለማን አስረከበ ለሚለው፣ ከፊል መልስ ይሰጣል። በአገር ውስጥ ለመተካካት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ያለው የሐ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ አልመቃህ ለተባለው አምላክ የተሠራው ቤተ መቅደስ ግድግዳው እስከ ዛሬ የቆመው በኋላ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ነው። ሃይማኖቱ ተለወጠ፣ ደጅነቱ ቀጠለ። በአናጂና ተመሳሳይ ነገር ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም የሚለውን የሚመልስ ምርመራ ነው እንጂ ጥርጣሬ አይደለም።

ተጠራጣሪ፦ ምርመራ የሚለው ቃል ሲደጋገም አንድ ነገር እየተሸፈነ ነው። ኩሬው የ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሆኖ ቢገኝ፣ ተሟጋቹ ወገን ኩሬው ዘግይቶ ተቆፈረ እንጂ መቃብሩ የቀደመ ነው ይላል። ሸክላው ዘግይቶ ቢገኝ ተሳላሚው በቅልና በቆዳ ዕቃ ይጠቀም ነበር ይላል። ቁባው ዘግይቶ ቢገኝ ከቁባው በፊት ጎጆ ነበረ ይላል። ምንም ቢገኝ የማይወድቅ አባባል ደግሞ የሚፈተን አባባል አይደለም፤ በእምነት ቤት ሊከበር ይችላል፣ በጥናት ቤት ግን መቀመጫ የለውም።

ተሟጋች፦ ፍርዱ ትክክል ነው፤ ስለዚህ የሚወድቀው ነገር አስቀድሞ ተለይቶ መቀመጥ አለበት። ትውፊቱ አንድ አባባል ሳይሆን የብዙ አባባሎች ስብስብ ነው። አንደኛው፣ ሼክ ሁሴን የተባሉ አስተማሪ በባሌ ነበሩ የሚለው፣ በቁፋሮ ሊረጋገጥም ሊፈርስም አይችልም፤ ተሟጋቹ ወገን በዚህ ላይ አርኪዮሎጂን መጥራቱን ይተዋል። ሁለተኛው፣ አናጂና በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰው የሰፈረባትና እስልምና የገባባት ነበረች የሚለው ግን ሊፈርስ ይችላል፤ በመንደሩ ዙሪያ በሰፊው ተጠንቶ ከ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፊት የነበረ ሰፈራ፣ የቀብር ድንጋይ ወይም የንግድ ዕቃ ካልተገኘ አባባሉ ይወድቃል፣ መውደቁም በግልጽ መነገር አለበት። ሦስተኛው፣ ታላቁ የሕዝብ ጉዞ ከሐረሩ አሚር ይቀድማል የሚለው ነው፤ ይህ በዳርቻው ክምርና በአጥንቱ ብዛት ይፈተናል። በኤፒዳውሮስ የአስክሊፒዮስ ደጅ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በድንጋይ ላይ የተቀረጹ ወደ 70 የሚሆኑ የፈውስ ታሪኮች ተገኝተዋል፤ አምስት ዓመት አርግዛ ከደጁ እንደወጣች የተገላገለች ሴት ታሪክ ከእነርሱ አንዱ ነው። የታሪክ ጸሐፊ የእርግዝናውን ርዝመት አልተከራከረበትም፤ ድንጋዩን ግን ማን እንዳስቀረጸው፣ ከየት አገር የመጡ በሽተኞች እንደተጠቀሱ፣ ደጁ በዚያ ዘመን ለምን ዝናውን ለማስፋት እንደፈለገ ለማወቅ ተጠቅሞበታል። «ረቢዕ አል-ቁሉብ»ም በዚህ ዓይን ሊነበብ ይገባዋል።

ተጠራጣሪ፦ እዚህ ላይ የሥልቱ ክርክር ያበቃና የመብቱ ክርክር ይጀምራል። በ1801 እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ክላርክ በኤሌውሲስ መንደር ከፍርስራሹ መካከል አንድ ትልቅ የሴት ሐውልት አገኘ፤ የመንደሩ ገበሬዎች እህላችን የሚያፈራው በእርስዋ ነው ብለው ያከብሯት ነበር። ክላርክ ከኦቶማን ሹም ፈቃድ አግኝቶ ሐውልቷን ወደ እንግሊዝ ጫናት፣ ዛሬም በካምብሪጅ ቤተ መዘክር ትገኛለች። ሊቃውንት ሐውልቷ እንስት አምላክ ሳትሆን የቤተ መቅደሱ በር ጌጥ እንደነበረች ለይተዋል። እውቀቱ ልክ ነው፤ ገበሬዎቹ ግን ያንን ጥያቄ አልጠየቁም ነበር። በባሌ ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። ከ1960ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በባሌ ሙስሊሞች መካከል የሰለፊ አስተምህሮ እየተስፋፋ ሲመጣ መቃብር መሳለም በሃይማኖት ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚለው ክርክር በየቤተሰቡ ገብቷል፤ ቴርዬ ኦስተቤ የተባለው ኖርዌያዊ ምሁር በ2012 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ለውጥ በሰፊው ተርኮታል። እንዲህ ባለ ሁኔታ ደጁ የ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው የሚል የጥናት ውጤት ቢወጣ በቤተ ሙከራ አይቀርም፣ ለአንዱ ወገን ማስረጃ ለሌላው ስድብ ይሆናል። ተመራማሪው ጽሑፉን አሳትሞ ይሄዳል፤ ከውጤቱ ጋር የሚኖረው የደጁ ጠባቂ ነው።

ተሟጋች፦ አደጋው እውነተኛ ነው፤ ዝም ማለት ግን ከአደጋ ያድናል ማለት አይደለም። ሕያው ደጅ በየዓመቱ ይለወጣል፤ ግድግዳ ይለሰናል፣ ጭቃው በሲሚንቶ ይተካል፣ አጥር ይሰፋል፣ ኩሬ ይጠረጋል። ከነዚህ እያንዳንዱ ከመሬት በታች ያለውን መዝገብ ያጠፋል፤ ቆፋሪ ባይመጣም ቁፋሮው በየዓመቱ ይፈጸማል፣ ልዩነቱ ማስታወሻ የሚይዝ ሰው አለመኖሩ ብቻ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ዐዋጅ ቁጥር 209 በቅርስ ላይ ያለ ፈቃድ መቆፈርን ይከለክላል፤ ነገር ግን አማኝ የአባቶቹን መቃብር ሲያድስ ራሱን እንደ ቆፋሪ አያይም፣ ሊያይም አይጠበቅበትም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መቆፈር ሳይሆን ጠባቂዎቹ ሲያድሱ አብሮ መቆም ነው፤ ልስኑ ሲነሣ ንብርብሩን መቁጠር፣ አሮጌ እንጨት ሲወጣ ከመጣሉ በፊት ቁራጭ ማስቀረት፣ ኩሬ ሲጠረግ ጭቃው የተጣለበትን ቦታ መመዝገብ። ይህ ለዚያራው አንድ ቀን እንኳ እንቅፋት አይሆንም።

ተጠራጣሪ፦ ለዚያራው እንቅፋት ላይሆን ይችላል፤ ለጥናቱ ግን ይሆናል። በዴልፊ የነበረው የአጶሎን ቤተ መቅደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ373 በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሶ ዳግም ተሠርቷል፤ ግሪኮች ሲሠሩት ለወደፊቱ ተመራማሪ ብለው ያቆዩለት ነገር አልነበረም፣ ታሪክ የተረፈው በአጋጣሚ ነው። ሕያው ደጅ የራሱን ማስረጃ እየበላ ይኖራል፤ አጠገቡ ቆሞ ፍርፋሪ የሚለቅም ሰው ዘመኑን የሚወስን መልስ ያገኛል ማለት ተስፋን ከሥልት ማደባለቅ ነው። በዚያ ላይ ፍርፋሪውን የሚሰጠው ጠባቂው ከሆነ፣ የማይፈለገውን ውጤት የሚያመለክተው ቁራጭ መሰጠቱን ማን ያረጋግጣል?

ተሟጋች፦ ማንም አያረጋግጥም፤ በየትኛውም መዝገብ ቤት የሚሠራ የታሪክ ጸሐፊም ሰነዱን ሁሉ እንደተሰጠው ማረጋገጫ የለውም። ፍርፋሪ ግን በባሌ ተንቆ አያውቅም። በ2019 በ«ሳይንስ» መጽሔት የታተመው ጥናት በፊንጫ ሀበራ ዋሻ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,469 ሜትር ላይ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰው ይኖር እንደነበረ ያሳየው በአመድ፣ በተጠበሰ የፍልፈል አጥንትና በባልጩት ስባሪ ነው። ሰው እንዲያ ባለ ብርድና ከፍታ ያን ያህል ቀድሞ ሊኖር አይችልም የሚለውን ግምት የሻረው ይኸው ነው። ስለ አናጂናም ቢሆን ያለው ምርጫ በፍጹም መልስና በዝምታ መካከል አይደለም፤ በከፊል መልስና በየዓመቱ እየቀነሰ በሚሄድ ማስረጃ መካከል ነው።

ተጠራጣሪ፦ ፊንጫ ሀበራ ውስጥ ፍልፈል ጠብሶ የበላ ሰው ወራሽ ሆኖ የሚከራከር ማንም የለም፤ የአናጂና ሰው ግን አለ። እንግዲህ የዳርቻው ክምር ተቆፍሮ ሁለተኛው አባባል ቢወድቅ፣ ውጤቱ በመጀመሪያ የሚነገረው ለማን ነው፤ በመጽሔት ለሚያነበው ምሁር ወይስ ጭቃውን ተሸክሞ ላሳየው ጠባቂ?

ተሟጋች፦ ለጠባቂው። በእርሱ ቋንቋ፣ በእርሱ ደጅ፣ ከመታተሙ በፊት፤ ሆኖም እንዲታረም ሳይሆን እንዲያውቀው፣ የሚቃወምበት ነገር ካለም ተቃውሞው ከውጤቱ ጎን እኩል እንዲታተም። ጠባቂው በዚህ ውል አልስማማም ካለ ቁፋሮው አይጀመርም።

ተጠራጣሪ፦ አልስማማም የሚል ከሆነ ደግሞ 13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሚለው ቁጥር በመጻሕፍት ውስጥ «በትውፊት እንደሚነገረው» ከሚለው ሐረግ ተነጥሎ እንዳይጻፍ።

ተሟጋች፦ ያ ሐረግ ዛሬም ሊጻፍ ይገባው ነበር፤ የ18ኛውም መቶ ክፍለ ዘመን ግምት አብሮት ሊጻፍ ይገባል።